ከጅራፉ ጩኸት በፊት

ሸዋ ሮቢት ላይ ባጃጅ ተሳፍሮ «ዘርትሁን ተፈራ ቤት አድርሰኝ» የሚል እንግዳ ብዙ ጊዜ ይንገላታል። «የጆሮ ሐኪሟ ጋ» ያለ እንደሆነ ግን ሾፌሩ መንገድ ሳይጠይቅ ይወስደዋል። ዘርትሁን የጆሮ ሐኪም አይደለችም። ይህንንም ለስንቱ ሰው እንዳስረዳች እግዚአብሔር ይወቅላት። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከቆላ መንደር በእግራቸው መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣

«በይ ልጄ፣ ግራውን ጥረጊልኝ። ከሰኔ ጀምሮ ተደፍኗል» አሏት።

«አባቴ፣ እኔ ጆሮ አልጠርግም።»

«የጆሮ ሐኪም ጆሮ ካልጠረገ ምን ይሠራል ታዲያ?»

ክንዳቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው። እስኪጨርሱም በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

እኔ ዘርትሁንን የማውቃት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ መምህሯ ነበርሁ። አባቷ ተፈራ በዋናው መንገድ ዳር ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ከተፈራ ጋር ይተዋወቃል። ሬዲዮውን ሳይፈታ ጆሮውን ያስጠጋና «ይኼ ድምፅ ማጉያው ነው እንጂ ሆዱ ደኅና ነው» ይላል፤ ተፈትቶ ሲታይም እንዳለው ይገኛል። ልጅቱ የአባቷን ጆሮ ወርሳ ነው የመጣችው። በንባብ መጽሐፋችን ውስጥ የእንስሳት ድምፅ የሚል ትምህርት ነበረ። አንበሳ ያገሣል፣ አህያ ያናፋል፣ ፈረስ ያሽካካል እያልን በኅብረት እናነባለን። ዘርትሁን እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ባዶ ቤትስ ምን ይላል?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም «ቁጭ በይ» አልኋት። ያን ቀን ቁጭ በይ ባልላትና ራሷ ብትነግረን ኖሮ ምን ትል እንደነበር ዛሬም አስባለሁ።

አዲስ አበባ ሄዳ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየች። ድምፅ በሚቀዳበት ስቱዲዮ ሠራች፤ ለቴአትር የዝናብና የበር ድምፅ አዘጋጀች። ኋላም የራሷን ሥራ ጀመረች። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አርባ ጀሪካን ከጣሪያ ላይ በገመድ አንጠለጠለች፤ በየጀሪካኑ ሆድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አስቀመጠች። አንዱ ሲሞላ ይሰማል፣ አንዱ ሲንጠባጠብ፣ አንዱ ባዶውን ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ። ሰው በመካከላቸው እየተዘዋወረ ያዳምጣል። አንድ ሹም መጥተው ግድግዳውን ዙሪያውን ካዩ በኋላ «ሥዕሉ የታለ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ ይህን ስትተርክ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ጥቃት ለደረሰባቸው ከተቋቋመ መጠለያ የመጡ ሴቶች አዳራሹን ሊያዩ ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ ሲንጠባጠብ የሚሰማው ጀሪካን ሥር ተቀምጣ እስከ ማምሻው አልነሣ አለች። አብራቸው የመጣችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን አስተዋለች። ዘርትሁንን ጠርታ «ይህች ሴት ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ረጋ ብላ ስትቀመጥ አላየኋትም» አለቻት። ዘርትሁን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከዚያች ባለሙያ ጋር ሆና፣ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚቀረብ፣ መቼ ዝም እንደሚባልና መቼ ወደ ሐኪም እንደሚላክ ተማረች።

ተፈራ ጦርነቱ በአካባቢያችን ካለፈ በኋላ ባለው ዓመት ዐረፈ። ለለቅሶ መጣች፤ ሳልስቱ ወጣ፣ አርባው ወጣ፣ እሷ አልተመለሰችም። የአባቷን ሱቅ ከፍታ የጓዳውን ክፍል የማዳመጫ ቤት አደረገችው። ግድግዳውን በሽንኩርት ጆንያና በፍራሽ ስፖንጅ ሸፈነች። ከሞቱ ሬዲዮኖች ውስጥ ድምፅ ማጉያ እየነቀለች በእንስራና በቅል ውስጥ ተከለቻቸው። መብራት ሲጠፋ የምትሠራበት የመኪና ባትሪም አላት። ሰው ሲመጣ ሁለት ነገር ትጠይቃለች፤ የሚናፍቅህ ድምፅ ምንድን ነው? የምትሸሸውስ? የሚናፍቁትን ፈልጋ ትቀዳለች። የሚሸሹትን ደግሞ ከሩቅ፣ በጣም ቀስ አድርጋ፣ በሚናፍቁት መካከል እየጨመረች ታለማምዳለች። ጠበል የጀመረውን ጠበሉን እንዳይተው፣ መድኃኒት የታዘዘለትን እንዳያቋርጥ ትነግራለች። ብዙዎችን ረድታለች፤ ያልረዳቻቸውም አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱ በሽማግሌ ፊት የተናገረው ስለሆነ ምስጢር ማውጣት አይሆንብኝም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አልማዝ የምትባል ሴት ከቀወት ቆላ መንደሮች ከአንዱ መጣች። ሱቁ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ እኔም ባትሪ ላስሞላ ተቀምጫለሁ። አልማዝ አቧራዋን አራግፋ፣

«እትዬ ዘርትሁን፣ ባሌን እንድታዪልኝ ነው» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ጅራፍ ይፈራል።»

ከሚጠብቁት ሴቶች አንደኛዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንቺ ነሽ የምትገርፊው?»

«ሳቂ» አለች አልማዝ ፊቷን ሳታዞር። «ግሪሳ ማሽላዬን ሲጨርሰውም መጥተሽ ትስቂያለሽ።»

ቆላ ያልኖረ ሰው የአልማዝ ጭንቀት ላይገባው ይችላል። ማሽላ ወተት ሲቋጥር፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስኪደርቅ ድረስ፣ ግሪሳ የምትባለው ወፍ እንደ ደመና ትመጣለች። አንድ መንጋ ግማሽ ቀን ካረፈ እርሻው አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባወራ በማሳው መካከል የእንጨት ማማ ይሠራል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ይወጣና ፀሐይ እስክትገባ ጅራፍ እያጮኸ ወፍ ያባርራል። ረጅም የቃጫ ጅራፍ ነው፤ በራስ ላይ ተሽከርክሮ በድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ ጫፉ ይጮኻል። በዚያ ወራት ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ጩኸት ሲቀባበል ይውላል። በቅርብ ላልለመደ ጆሮ ተኩስ ነው የሚመስለው።

የአልማዝ ባል ወርቁ በዚያ አካባቢ በጅራፉ የታወቀ ነበር። ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው «ይኼ የወርቁ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ጦርነቱ ወደ ቆላው በወረደበት ዓመት ግን ታናሽ ወንድሙ ብሩክ እዚያው ማሳው አጠገብ በተባራሪ ጥይት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ወርቁ ባለበት መሬት ላይ ይነጠፋል። ያለፉትን ሁለት የወፍ ወራት ደብረ ሲና ወጥቶ ጭነት ሲያወርድ ከረመ። አልማዝ ብቻዋን ማማ ላይ ዋለች፤ የእርሻው እኩሌታ ተበላ። ዘንድሮ ደግሞ መሬቱን ለጎረቤቱ በእኩል፣ ምርቱን ሊካፈሉ ሰጥቶ፣ ከመንደሩ ጨርሶ ሊወጣ ቆርጧል። ጥቅምት ሚካኤል ሽማግሌ ተቀምጦ ያስረክባል።

«ዐሥራ አምስት ቀን ነው የቀረኝ» አለች አልማዝ። «አገሩን ለቆ ከሄደ ተመልሶ ሰው አይሆንም። እዚያ ደብረ ሲና ብርዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያፈጥ አይቼዋለሁ።»

ወርቁ በማግስቱ መጣ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዕድሜው አርባ ያልሞላ ሰው ነው። በሩን ሲገባ ጎንበስ አለ፤ ከገባ በኋላም ቀና አላለም። ሐኪም አይቶት እንደሆነ ዘርትሁን ጠየቀችው፤ አይቶታል፣ ክኒንም ተሰጥቶታል። ከዚያ ጥያቄዎቿን አቀረበች።

«የሚናፍቅህ ድምፅ ምንድን ነው?»

«የለም።»

«የምትሸሸውስ?»

«ሚስቴ ነግራሻለች።»

ከዚህ በላይ አልወጣውም። ዘርትሁን የመስኖ ቦይ ውኃ ሽንኩርት መደብ ውስጥ ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ ከፈተችለትና አብራው ዝም ብላ ተቀመጠች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ይኼ ቦዩ የተሰነጠቀ ነው» አለ። እውነቱን ነበር።

ጅራፉን ለመቅዳት ወደ ማሳው ወረደች። ከወርቁ ጋር ወሰን የሚጋራው ገበሬ አንዋር ይባላል፤ መሬቱን በእኩል ሊቀበል የተስማማውም እሱ ነው። ማሽላው ገና ወተት አልቋጠረም ነበር፤ አንዋር ግን ለእሷ ሲል ማማው ላይ ወጥቶ ጅራፉን አጮኸላት።

«ድምፁን ወስደሽ ምን ታደርጊዋለሽ?» አላት።

«ለሰው አሰማዋለሁ።»

«ሰው ጅራፍ ሊሰማ ከተማ ይመጣል? እንዲያ ከሆነ ሳሌንም ቅጂው። ከጅራፉ እሱ ይበልጣል።»

«ወርቁን ላለማምደው ነው።»

አንዋር «ኢንሻ አላህ» ብሎ፣ ሳትጠይቀው ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሞ አጮኸላት።

ከዚያ በኋላ ወርቁ በየሁለት ቀኑ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ጅራፉ ከቦዩ ውኃ ሥር ከጠብታ የማይበልጥ ሆኖ ገባ። ወርቁ ሰማው፤ እጆቹ ጉልበቱን ያዙ፤ አልተነሣም። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ከፍ አለ። በሦስተኛው ላብ በአንገቱ ወረደ እንጂ እንደ ተቀመጠ ጨረሰ። አልማዝ ይህን ስትሰማ ልጥ አስልጣ የማማውን እግሮች እንደ አዲስ ማሰር ጀመረች። ለእኔም መንገድ ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ ተማሪዎ ባሌን መለሰችልኝ» አለችኝ። ዘርትሁን ግን ደስ አላላትም ነበር። «ልክ ነው፣ ይቀመጣል» አለችኝ። «ግን እኔን ደስ ለማሰኘት የሚቀመጥ ይመስለኛል።»

ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው የቅርቡን ጅራፍ ከፈተች። ቦይ የለበትም፣ ንፋስ የለበትም፤ ከዐሥር እርምጃ የሚሰማ ጩኸት ብቻ። አንድ ጊዜ ጮኸ። ወርቁ ተነሥቶ ቆመ።

«አጥፊው።»

ወዲያው አጠፋችው።

«ይኼ ጅራፍ አይደለም» አላት።

«ጅራፍ ነው፣ ወርቁ። ራሴ ነኝ የቀዳሁት። አንዋር ማማ ሥር ቆሜ።»

«ጅራፍ ሽው ሳይል አይጮህም» አለ። ከዚያ ልትይዘው ስትል ክንዷን ገፋ አድርጎ ወጣ። በር አጠገብ የነበረው እንስራ ተንከባልሎ ሲሰበር እንኳ ወደ ኋላ አልተመለከተም።

ማታውኑ ልጠይቃት ሄድሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ ከፍታ ደጋግማ ስትሰማው አገኘኋት። ሽው ይላል፤ ቀጥሎ ይጮኻል፤ ሽው ይላል፤ ይጮኻል።

«ራሱን ቆርጬዋለሁ» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት። በስቱዲዮ ሥራ፣ አለችኝ፣ አንድ ድምፅ ሲቀዳ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ትርፍ ይቆረጣል፤ ጥሩ ሠራተኛ የሚባለው ይህን በንጽሕና የሚሠራው ነው። ሃያ ዓመት ስታደርገው የኖረችው ስለሆነ አሁንም እጇ ሳታስብ አደረገው። ከጩኸቱ በፊት ጅራፉ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ሽውታ እንደ ትርፍ ቆጥራ ጣለችው። የቀረው ጩኸት ብቻ ነው። ሽውታ የሌለው ጅራፍ ደግሞ ጥይት ነው።

«ከሩቅ ያሰማሁት ጊዜ አልለየውም ነበር። ቀረብ ሳደርገው ለየው» አለች። «ሊድን የመጣን ሰው ተኩስ ሳሰማው ከረምሁ።»

«አላወቅሽም» አልኋት።

«ማወቅ ነው እኮ ሥራዬ፣ ጋሼ።»

በማግስቱ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ባጃጁ እስከሚደርስበት ደረስን፤ ከዚያ በማሽላው መካከል በእግራችን ሄድን። ወፎቹ መምጣት ጀምረዋል፤ ከሩቅ ጅራፍ ይሰማል። ወርቁን ከቤቱ ጀርባ የቁርቁራ ዛፍ ተደግፎ አገኘነው። ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ዓይኑ ይጨፈናል። ዘርትሁን ፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ቆርጬዋለሁ፣ ልክ ብለሃል፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለችው።

ወርቁ ከሥሩ ስንጥር እንጨት አነሣና «ሽውታው ከሩቅም አይሰማም» አለ።

ምን እንደሚል አልገባንም።

«ሽውታው እስከ ሁለተኛው ማማ ነው የሚደርሰው። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚመጣው» ብሎ መሬቱን በእንጨት ይጭር ጀመር። «ያን ቀን እኔ ማማ ላይ ነበርሁ። ብሩክ ከሥር ነው። በሬው ገመድ በጥሶ ወደ ወንዙ ወርዶ ነበር። ከማዶ ጧ ጧ ሲል ብሩክ ቀና ብሎ አየኝ። ‹ምንድን ነው?› አለኝ። ‹የማዶዎቹ ጅራፍ ነው፤ ሂድ በሬውን አምጣ› አልሁት።»

እንጨቱ በእጁ ተሰበረ።

«ሄደ። ሳይከራከረኝ ሄደ። ጅራፍን እኔ ካልሁ ማን ይከራከራል? ይህን ያልሁት እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው። አልማዝ አታውቅም። ሚስቱ ማህሌት ‹በሬ ሊያመጣ ሄዶ› እያለች ነው የምታለቅሰው።»

ዘርትሁን ያጽናናችው መስሏት «ከዚያ ርቀት ማንም አይለየውም፣ ወርቁ። ከፈለግህ ጅራፉን ከማዶ ቀድቼ አሰማሃለሁ። ማንም ሰው...» ስትል አቋረጣት።

«እኔ ማንም ነኝ?»

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እስከ ከተማው ድረስ ውጭ ውጭውን እያየች መጣች። ሱቋ በር ላይ ስትወርድ ብቻ «እኔ ጆሮውን ሳክም ነበር» አለችኝ።

በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በቁርቁራው ጥላ ተቀመጡ፤ እኔንም ስለሚያውቁኝ አስቀመጡኝ። አንዋር መሬቱን ሊቀበል መጥቷል። ማህሌትም አለች፤ የብሩክ ድርሻ ከወርቁ ማሳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወሰኑ ሲነገር መስማት አለባት። ገና ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ለወርቁ ወንበር ያቀረበችለት እሷ ናት፤ «ጋሼ ወርቁ፣ ከፀሐዩ ግባ» ብላ። ዘርትሁን ከአልማዝ ጋር ከኋላ ቆማለች።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ስለ ወሰኑ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ወርቁ ተነሣ። እጁን አጣምሮ፣ ለእኛ የነገረንን ቃል በቃል ነገራቸው። «የማዶዎቹ ጅራፍ ነው፤ ሂድ በሬውን አምጣ» እስከሚለው ድረስ። አልማዝ ወደ መሬት ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አንዱ ሽማግሌ «አይ ልጄ» አሉ።

ሁሉም ማህሌትን ያያል። እሷ የምታየው ወርቁን ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እቤቴ እየመጣህ ማዕዴን ቆረስህ» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ተዝካሩንም አንተ ነህ ያወጣኸው። ሰው እያጽናናኝ ሲሄድ በር ላይ ቆመህ የምትሸኘው አንተ ነበርህ።»

«ነበርሁ» አለ ወርቁ።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ሄደች።

በእኛ አገር ልማድ እንዲህ ያለ ሰው ተመልሶ ይጠራል፤ ሽማግሌ ይለምናል፤ ጉልበት ይሳማል፤ ነገሩ በዚያው ቀን ይዘጋል። ሰብሳቢውም አንድ ሰው ሊልኩ እጃቸውን ሲያነሡ ዘርትሁን ከኋላ ሆና «አባቴ፣ ይተዉአት» አለች። ሴት፣ ያውም የከተማ ሴት፣ ሽማግሌ መካከል ገብታ ብትናገር ደግ አይደለም። ሰብሳቢው ዞረው አዩዋት። ቆይተው እጃቸውን አወረዱ።

ያኔ ነው አንዋር የተናገረው።

«መሬቱን አልቀበልም።»

«ተስማምተን አልነበረም?» አለ ወርቁ።

«የተስማማሁት በሽተኛ ነህ ብለውኝ ነው። አሁን እንደማየው በሽተኛ አይደለህም፤ ሐዘንተኛ ነህ። የሐዘንተኛ መሬት ተቀብዬ ከአላህ ጋር አልጣላም። ማሽላህ ቆሟል፤ ወፉም መጥቷል። እኛ ምን እናድርግልህ? እሱን ንገረን።»

ከሩቅ አንድ ጅራፍ ጮኸ፤ ወርቁ ቁርቁራውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ድንገት ሲሆን ነው የማልችለው» አለ። «ማማዬ ላይ ልውጣ፤ ከማጮሃችሁ በፊት ግን አሳውቁኝ።»

ከወጣቶቹ አንዱ «‹ጅራፍ ነው› ብለን እንጩህ?» አለ።

«እሱን ቃል አትበሉ፤ ስሜን ጥሩ» አለ ወርቁ።

«በቀን አምስት መቶ ጊዜ?» አለ አንዋር። «የሚስቴን ስም እንኳ በዕድሜ ዘመኔ ይህን ያህል አልጠራሁ።» ሽማግሌዎቹ ሳቅ አሉ፤ ወርቁ አልሳቀም። አንዋር ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ በየማማው ሥር እየቆመ ስምምነቱን ተናገረ። የማህሌት በር ላይ ሲደርስም ነገራት፤ ሰምታው ስታበቃ በሩን ዘጋች።

ዘርትሁን የማዳመጫውን ቤት ሁለት ሳምንት ዘጋችው። ሰው እየመጣ ያንኳኳል፤ እሷ ማለዳ ማለዳ ወደ ማሳው ትወርዳለች። መቅጃዋን አልያዘችም። ከማማው ሥር ጥላ ላይ ትቀመጣለች፤ ወርቁ ሲወጣ ትቆጥራለች፣ ሲወርድ ታያለች። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ወርዶ ተነጠፈ። «ወርቁ» ይላል አንዱ ከወዲያ፤ ጅራፉ ይከተላል። «ወርቁ» ይላል ሌላው። ስም ሲጠራ ማማውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይይዝና እስኪጮህ ይጠብቃል። እሱ ራሱ ጅራፍ አልነካም፤ በወንጭፍና በቆርቆሮ ነው የሚያባርረው። ወፉ ያውቅበታል መሰለኝ፣ ከሌላው ማሳ ይልቅ የእሱን ይመርጣል። ከሰብሉ ሲሶው እንደሚበላ ከወዲሁ ይታይ ነበር። አልማዝ ይህን እያየች ምንም አትልም፤ ውኃ ታመጣለች፣ ትመለሳለች።

ከሁሉ የከፋው የማህሌት ማማ ነበር። የብሩክ ድርሻ በወርቁ ማሳ ጎን ስለሆነ ማማዋ ከማማው ስልሳ እርምጃ አይርቅም። ከሚካኤል ወዲህ ለወርቁም ለአልማዝም ሰላምታ አልሰጠችም። ጅራፍ ታጮኻለች እንጂ ስም አትጠራም። የእሷ ጅራፍ በመጣ ቁጥር ወርቁ ከማማው ይወድቃል ወይም ይወርዳል። ሁለተኛው ቀን ክንዱን ተላጠ። ሦስተኛው ቀን አልማዝ ልትለምናት ስትነሣ ወርቁ ከለከላት። «ተያት። መብቷ ነው» አላት።

አራተኛው ቀን እኔም ወርጄ ነበር። ዘርትሁን ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ደርቆ አየኋት። «ይኼ ሕክምና ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አላውቅም» አለች። «እኔ ብሆን ኖሮ ይህን አላዝለትም ነበር።»

ወደ ቀትር ገደማ አንድ መንጋ ግሪሳ ከወንዙ በኩል ተነሥቶ በሁለቱ ማሳዎች ላይ ዞረ። ማህሌት ማማዋ ላይ ተነሥታ ቆመች፤ ጅራፏን አነሣች። ወርቁ አይቷታል። ለመውረድ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ። እሷ ጅራፉን እንዳነሣች ቆመች። ወፉ ወርዶ ማሽላዋ ላይ እያረፈ ነው፤ እሷ ግን አላወረደችውም።

«ወርቁ» አለች።

ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ጋሼ ስትለው ነው የኖረችው። በዚያ መንደር የባልን ታላቅ ወንድም በባዶ ስሙ የምትጠራ ሴት የለችም፤ ከሥር የነበርነው ሁሉ ሰማን፤ እሱም ሰማ። እግሩን ከመሰላሉ መለሰና የማማውን ምሰሶ ይዞ ቆመ።

ጅራፉ ሽው አለ፤ ከዚያ ጮኸ። ወፉ ተነሣ። ትንፋሽ ሳትወስድ እንደገና «ወርቁ» አለች፤ ደግማ አጮኸች። ያን ቀን እስኪመሽ፣ ከዚያም ማሽላው እስኪደርቅ ድረስ፣ ከስሙ ሌላ አንድም ቃል ሳትነግረው እንዲሁ ስትጠራው ከረመች።